ሊቅ ሲገጥመን «አብሾ ጠጥቶ ነው» እንላለን

ለመስቀል ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። አደይ አበባ ቢፈነዳም ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ ከቤት መውጣት ድፍረት ነው። ተከናንበን፣ አሥራ ሁለት አባወራ ሆነን አንድ በሬ ከበን ቆመናል። ቅርጫ ነው።

በሬው ከመውደቁ በፊት የተለመደው ክርክር ተነሳ። ሥጋው ስንት ኪሎ ይወጣዋል? አንዱ ሽንጡን ይዳብሳል፤ አንዱ ሻኛውን ያያል፤ አንዱ «አጥንት ነው፣ ተበልተናል» ይላል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ አሉ። እሳቸው ቀድመው «150 ኪሎ» አሉ። ከዚያ በኋላ ከ140 በታች ወይም ከ160 በላይ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወዲያው ወሬው ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዞረ። ውጤቱ የወጣ ሰሞን ነበር።

«ይሄ ትውልድ እኮ ደንዝዟል» አሉ ጋሼ።

«ድሮም እንዲሁ ነው ጋሼ» አላቸው ጎረቤታቸው። «ከሺህ አንድ ሊቅ ይፈጠራል። የተረፈው ገለባ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም የነቀነቅኩ ይመስለኛል። የባለቤቱ ልጅ እዚያው አጠገባችን ካራ ይስላል። ተፈትኖ ያላለፈ ልጅ ነው። ቀና ብሎም አላየን።

ያቺ ንግግር አዲስ አበባ ድረስ አብራኝ መጣች። እውነት ሰው ሊቅና ገለባ ተብሎ ነው የሚፈጠረው?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። አገር ደነገጠ። ከድንጋጤው ሁለት ወሬ ተወለደ። አንዱ ከሁሉ በላይ ያመጣውን ልጅ ፎቶ እየለጠፈ «ልዩ ፍጡር» ይላል። ሌላው የቀረውን በጅምላ «ደነዝ» ይላል።

ብዙም ያልተወራለት ቁጥር ግን አለ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ከአርባ በላይ ማለት ነው። እስቲ ጎበዝ፣ እናስበው። በዚያ ሁሉ መንደር አንድም ጭንቅላት ያለው ልጅ ሳይወለድ ቀርቶ ነው? ሞኝነት እንደ ዘይት በቀበሌ አይታደልም። ዜሮ ያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ሰሜን ሸዋም አላመለጠችም። ያልዘነበበትን ማሳ ማን «ሰነፍ መሬት» ይለዋል?

ይህን ቆም ብሎ ያሰበ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ «ሊቅና ገለባ» የሚለው ነገር ለምን እንዲህ ይጥመናል? እኔ ሥሩ ቆየት ያለ ይመስለኛል። ደግሞም ሰሜን ሸዋ ላይ ደህና አድርጎ ይታያል።

ከአብሾ ልጀምር። የቤተ ክህነት ትምህርት ባለበት አገር ያደገ ሰው ያውቀዋል። አእምሮ ይከፍታል የሚባል የዕፅ መድኃኒት ነው። አንድ የቆሎ ተማሪ ከጓደኞቹ ቀድሞ ቅኔ ከዘረፈ፣ ዜማውን ባንድ ሰሞን ከያዘ፣ የመንደሩ ሰው መልስ አለው። «አብሾ ጠጥቶ ነው።» ያው ተማሪ ከተቆጣ ወይም ብቻውን ካወራ «አብሾው ተነሳበት» ይባላል። ለብልህነቱም ለዕብደቱም ያው አንድ ማብራሪያ።

ልጁ ግን ምን ሲያደርግ ነው የከረመው? ደበሎ ለብሶ፣ በአኩፋዳው ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው ውሏል። ማታ ማታ ጉባኤ ቃናውን እየቆጠረ አምሽቷል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከሷ እየተነሳ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። በዚያ ላይ የቅኔ ደንብ ጨካኝ ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው። ልጁ በየቀኑ አዲስ ነገር ሲፈልግ፣ ሲሳሳት፣ በመምህሩ ሲታረም ዓመታት አልፈዋል። ያንን ሁሉ ያየ የመንደር ሰው ግን አንድ ብርጭቆ አብሾ ብቻ ነው የታየው።

ለምን? አብሾው ስለሚቀልል ነዋ። ልጁ በሥራው ነው ከተባለ፣ «የኔ ልጅስ ለምን አልሠራም? እኔስ ለምን አላስተማርኩትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብሾ ነው ከተባለ ጥያቄ የለም። ተገላገልን።

በቅኔው ተማሪ ላይ ይህ ቢያንስ አድናቆት አለው። በእጅ ባለሙያው ላይ ግን ስድብ ሆነ። በአንኮበር አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሽመና የሚያውቁ ሰዎች ከጥንት ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን አገሩ ከእነሱ እጅ ነው የሚቀበለው። ስማቸው ጠይብ ነው። ቃሉን ልብ በሉት። ጠይብ የመጣው ከግዕዙ ጠቢብ ነው። ብልህ፣ ዐዋቂ ማለት። አገሩ «ሊቅ» ብሎ የጠራውን ሰው በዚያው ስም ሰደበው! ጠይብ ማለት ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ በዓይኑ የሚበላ ማለት ሆኖ ቀረ። ማረሻውን በጠዋት እንቀበለዋለን፤ ማታ ልጃችንን እንዳያይብን እንደብቃለን።

ይሄኛውም እንደ አብሾው ነው የሚሠራው። ብረት አቅልጦ ቅርጽ መስጠት የሚያስገርም ነገር ነው። ያስገረመን ነገር ሥራ ነው፣ ይማሩታል ከማለት ይልቅ ከሰው ውጭ የሆነ ኃይል ነው አልን። ከሰው ውጭ የሆነ ነገር ደግሞ ማንም ልጁን አያስተምርም።

ከዚያው ከአንኮበር ሌላ ታሪክ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የውኃ ወፍጮ ሠራ። በጊዜው ወደ ሸዋ የመጡ ፈረንጆች እንደጻፉት፣ ካህናቱ «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ። ወፍጮው ብዙም ሳይፈጭ ቆመ።

ይህን ስንሰማ እንስቃለን። «አይ የድሮ ሰው ሞኝነት!» እንላለን። እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ወፍጮው ሲቆም የከሰረው ማን ነው? በዚያ ዘመን እህል የሚፈጨው በሴት ጉልበት ነበር። ከንጋት በፊት ተነስታ፣ ተንበርክካ፣ መጁን ይዛ ስትገፋ ነው እንጀራ የሚገኘው። የቤተ መንግሥቱ ግብር የሚበላው ሰው ብዛት ሲታሰብ ደግሞ ስንት ሴት እንደምትፈጭ ገምቱት። «ሰይጣን ነው» ያሉት አንድ ቀን መጅ ይዘው የማያውቁ ናቸው። ወገቧ የተቆረጠው ሴት በፍርዱ ውስጥ ድምፅ የላትም። ስለዚህ «ሕዝቡ ሞኝ ነበር» ለማለት አልቸኩልም። የወፍጮውን ጥቅም የሚያውቀው ሕዝብ አልተጠየቀም።

የአገሩ ሰው ሁሉ ይህን ዝም ብሎ አላየም። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጡ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያላችሁ አትስደቡ የሚል። በሌላ አገር አዲስ ነገር የሠራ ሰው ይከበራል፤ እኛ ዘንድ ይሰደባል፤ ስድቡ ደግሞ ልጅ የአባቱን ሙያ እንዳይማር አድርጎ አገር ያደኸያል የሚል ሐሳብ አለበት። ተሳዳቢው ይቀጣል ተባለ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ። አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው ስዊዛዊ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ፣ ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ ነበር ይባላል። ቀጥሎ ጠመንጃ። ፋቂ በሚሰደብበት አገር ንጉሡ ጫማቸውን ለመሐንዲስ ሲያዙ! ሰውየው የእጅና የጭንቅላት ሥራን አለያይተው አያዩም ነበር መሰለኝ።

ይህ የኛ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጆችም አብሾ አላቸው። የእነሱ አብሾ «ዘር» ይባላል።

ፍራንሲስ ጋልተን የዳርዊን ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ሊቅነት በደም ይወረሳል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የታወቁ ዳኞችን፣ የጦር አዛዦችን፣ የሳይንስ ሰዎችን ዘመዶች ቆጠረ። የትልቅ ሰው ዘመድ ትልቅ ሰው ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ደም ነው አለ። የዳኛ ልጅ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የገበሬ ልጅ የሚውልበትን ማሳ ግን እኩል አልመዘነም። ለተራው ሰው ጭንቅላት ደግሞ ብዙ ግምት አልነበረውም።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሊመዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ወደ አንድ የከብት ትርኢት ሄደ። እዚያ አንድ በሬ ቆሟል። ሰዎች ትንሽ ገንዘብ ከፍለው ካርድ ይገዛሉ፤ በሬው ታርዶና ተገፍፎ ሥጋው ስንት እንደሚመዝን ይጽፋሉ። የተጠጋው ይሸለማል። ቅርጫ በሉት! ገማቾቹ ሥጋ ሻጭም ገበሬም፣ ከብት ነክቶ የማያውቅም ነበሩ። ጋልተን ካርዶቹን ተቀብሎ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። የሚነበቡት 787 ነበሩ። በሬው 1,198 ፓውንድ መዘነ፤ 543 ኪሎ ገደማ። ከግምቶቹ መሐል ላይ ያረፈው 1,207 ፓውንድ ነበር። ከመቶ አንድ እንኳ አልሳተም። አማካዩ ደግሞ 1,197 ሆነ። የአንድ ፓውንድ ልዩነት!

ጋልተን የጠበቀው ይህን አልነበረም። ግን ውጤቱን አልደበቀም፤ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። በዘር የሚያምነው ሰውዬ የተራ ሰዎች ብልህነት ማስረጃ በገዛ እጁ ቆጥሮ ሰጠን።

ታዲያ ያ ሁሉ ተራ ሰው እንዴት ተሳካለት? አንዱ ያበዛል፣ አንዱ ያሳንሳል፤ ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ስለሚወድቅ ይጣፋል። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ በራሱ ዓይን አይቶ ሲጽፍ ነው። ካርዱ ላይ የጎረቤት መልስ አይታይም። አሁን ወደኛ በሬ ተመለሱ። ጋሼ 150 አሉ። ከዚያ በኋላ የበሬውን ሽንጥ ያየ ሰው የለም፤ ሁላችንም የጋሼን አፍ ነው ያየነው። አሥራ ሁለት ግምት አልነበረም። አንድ ግምት ነበር፣ አሥራ አንዱ አጃቢ ነው።

ለዚህ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው። ይሉኝታ። ይሉኝታ ክፉ አይደለም፤ ጎረቤት ተከባብሮ የሚኖረው በሱ ነው። ነገር ግን መገመት፣ መፍረድ፣ ማወቅ ላይ ሲገባ ሺህ ሰውን አንድ ሰው ያደርገዋል። የዚያ አንዱ ሰው ስሕተት የሺህ ሰው ስሕተት ይሆናል። ወፍጮውም ላይ፣ ጠይቡም ላይ የሆነው ይሄ ይመስለኛል። ብረት ቀጥቃጩ ጅብ እንደማይሆን ማረሻ ሊያሠራ ሄዶ አጠገቡ የዋለ ገበሬ በዓይኑ አይቷል። ግን ማን ቀድሞ ይናገር?

ኩረጃም ያው ነው። በግብረ ገብ ብቻ ነው የምናየው፤ ግን የዕውቀትም በሽታ ነው። ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ አለ። አንዱ «ጎበዝ» ነው ተብሎ ይታመናል። መልሱ ከሱ ወረቀት ይነሳና በረድፉ ይፈሳል። እሱ ሲሳሳት አርባውም ይሳሳታል። ለአሥራ ሁለት ዓመት በሰው ዓይን ሲያይ የኖረ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ዓይኑን ከየት ያምጣ? ያ 3.3 የሚባለው ቁጥር ከፊሉ የዚህ ሂሳብ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ደንዝዘው አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ገመቱ።

«ታዲያ ሊቅ የሚባል የለም ልትለን ነው?» እንዳትሉኝ። አለ። ልዩነትም አለ። አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ልጅ አይቻለሁ፤ እኔ አሥር ጊዜ ሰምቼም የሚያመልጠኝ ነኝ። ጥያቄው ያ ልዩነት ብቻውን የት ያደርሳል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሉዊስ ተርማን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ሊቃውንትን ገና በልጅነታቸው ለመምረጥ ሞከረ። አይኪው የሚባለውን የአእምሮ መለኪያ እየለካ 1,500 ያህል ልጆች መረጠ፤ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተላቸው። ብዙዎቹ ደህና ኑሮ ኖሩ። ኖቤል ግን አንዳቸውም አላገኙም። ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት ውስጥ ዊልያም ሾክሌ በ1956፣ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። መለኪያው የሆነ ነገር ለካ፤ ሊቅነትን ግን አላገኘውም።

የሸዋ ሊቅነት እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ አንድ መጽሐፍ ይግለጥ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። ግዕዝ የሚያጠና ሰው ዛሬም ያለሱ አይሆንለትም። ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም ስላለ የአንድ ሊቅ ሥራ ይመስለናል። ሥራውን የጀመሩት ግን መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። መምህሩ ሳይጨርሱ ሞቱ፤ ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት። በ1936 ዓ.ም. እሳቸውም ሳይታተም አረፉ። ያ ሁሉ ወረቀት በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ቀረ። መጽሐፉ የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ደስታ ተክለ ወልድ ያን ጨርሰው የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኔ ይህን ተረት ከነዚህ ሰዎች ወዲህ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ሦስት ሰዎች አንድ ወረቀት ይዘው አልለቀቁም። ከሦስቱ አንዱ ቢለቅ ኖሮ፣ የቀሩት ሁለቱ ሊቅ መሆናቸውን ዛሬ ማን ያውቃል? ስሙን የምንፈልግለት ነገር እዚህ ላይ አለ። አደራ። አብሾ ለአንድ ሰው የሚጠጣ ነው፤ አደራ ያለ ሁለት ሰው አይሆንም።

አበበ ቢቂላም አለ። «ሩጫ ደግሞ ምን ሊቅነት ነው?» የሚል ካለ አልከራከርም፤ ለኔ ግን ነው። አበበ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ጃቶ በምትባል መንደር፣ ከመንዲዳ አጠገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። ገብቶም ሣሩ ላይ ተኝቶ ሰውነቱን አፍታታ።

ያን ጊዜም ዛሬም የሚነገረው ባዶ እግሩ ነው። ተአምር ይመስላል፤ ተአምር ደግሞ አብሾ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነው። ሰዓት ይዞ ይለካዋል፤ ከጫማ ጋርና ያለ ጫማ ያሠለጥነዋል። ጫማው እግሩን ስላልተመቸው በባዶ እግር መሮጡ የተለመደው ነገር ነበር። በዚያ ደጋ ላይ፣ በዚያ ስስ አየር፣ ከብት ሲያባርሩ ያደጉ ልጆች ስንት ነበሩ? ሳንባቸው ከአበበ ሳንባ በምን ያንሳል? አበበ ክብር ዘበኛ ገባ፤ እዚያ ሰዓት የያዘ ሰው ጠበቀው። የቀሩት ከብታቸውን ወደ ቤት መለሱ።

ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም የአንኮበር ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ያሉ መምህራን እጁን አዩና ወደ ሥዕል መለሱት። ያዩት ባይሆን ጥሩ የማዕድን ሰው ይወጣው ነበር ይሆናል፤ የአፍሪካ አዳራሹን የመስተዋት ሥዕል ግን ሌላ ሰው ይሠራው ነበር።

እስካሁን ስለ ሊቁ ነው ያወራሁት። ገለባ ስለተባለው ሰው ደግሞ ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ። ለኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ጓሳን አይታችኋል? ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ንፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ ሜዳ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሣሩ ራሱ ጓሳ ይባላል። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ዙሪያውን ያለው አገር ታርሶ፣ ተግጦ፣ ተራቁቷል። ጓሳ አለ። ለአራት መቶ ዓመት ያህል ማን ጠበቀው? ሊቅ አልጠበቀውም። መንግሥትም አይደለም። ገበሬዎች ናቸው።

ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። የአገሩ የጥንት አባቶች የሚባሉት የአስቦና የገራ ዘር የሆነው ባለመብት ነው። አለቃቸውን ይመርጣሉ። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፤ ሣር አይታጨድም። ሲደርስ ተሰብስበው ተስማምተው ይከፍቱታል፤ በተራና በልክ ያጭዳሉ። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። እርግጥ ነው፣ ዘር የሌለው ሰው ከመብቱ ውጭ ነበር፤ ገነት አላደርገውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀሮ ቀረ። የግጦሹ ሽሚያም ወዲያው መጣ። ኋላ ላይ ሰዉ ራሱ በአዲስ መልክ፣ በኮሚቴ፣ ጥበቃውን መለሰው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት የጋራ ግጦሽ ሁልጊዜ ይጠፋል ብሎ ጻፈ። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር፣ ሁሉም ሲጨምር፣ ሜዳው ያልቃል። ተራ ሰው ሞኝ ነው ማለት ነው በሌላ አነጋገር። ጽሑፉ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተነበበ። ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ ሜዳው ተዘግቶ፣ ዘቡ ይጠብቀዋል። የጋራ ሀብትን ሰዎች በራሳቸው ደንብ ሊጠብቁት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ ያሳየችው ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ስታገኝ፣ የመንዝ ገበሬ በጉዳዩ ላይ የአራት መቶ ዓመት ልምድ ነበረው።

የፕሊመዝ ገማችና የመንዝ ገበሬ የሚገናኙበት ቦታ አለ። ሁለቱም የሚፈርዱት በሚያውቁት ነገር ላይ ነው። ሁለቱም ሲሳሳቱ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። ጓሳው ካለቀ የመንዜው ቤት ነው የሚያፈሰው። የአንኮበር ወፍጮ ላይ የፈረዱት ግን ተሳስተውም እንጀራው ቀርቦላቸዋል።

ወደ ቅርጫው ልመለስ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ። ባለቤቱ ልጁን ጠራው። ያ ካራ ሲስል የነበረው ልጅ መጣና ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ማውጣት ጀመረ። ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ጉበት። ከዚህ ቆርጦ ወደዚያ፣ ከዚያ መልሶ ወደዚህ። ሚዛን የለም። የትኛው መደብ የማን እንደሚሆን እሱም አባቱም አያውቁም፤ ዕጣ ነው። ለዚህ ነው ቅርጫ ላይ አድሎ የሌለው። አንዱ የክብሪት እንጨት ሰጠ፣ አንዱ ቁልፍ፣ እኔ ሳንቲም። የጎረቤት ሕፃን ተጠርታ በየመደቡ ላይ ጣለችው።

ጋሼ ተጠራጣሪ ናቸው። ከቤት የተንጠልጣይ ሚዛን አስመጡና የራሳቸውንና የኔን መደብ ሰቀሉ። የኔ ወደ 13 ኪሎ ሆነ። የሳቸው ከኔ የሚለየው በአንዲት ቁራጭ ጉበት ያህል ነው። ቁጥሩን ሁለቴ አዩት። ምንም አላሉም። ሥጋቸውን አስይዘው ሄዱ። 150 ኪሎ ያሉት ግምት ትክክል ይሁን አይሁን የደመረ ሰው አልነበረም።

ልጁ ቧንቧው አጠገብ ካራውን ሲያጥብ ተጠጋሁት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረው ገጠር፣ አያቱ ዘንድ ነው።

«ሒሳብ ነው የጣለህ?» አልኩት።

«አዎ።»

«እንዲህ እያካፈልክ?»

ሳቅ አለ። «አሥራ አንደኛም አሥራ ሁለተኛም ክፍል የሒሳብ አስተማሪ አልነበረንም» አለኝ። ካራውን በጨርቅ አድርቆ ወደ ቤት ገባ።